ፕሮሰሰር ዲዛይን የሚያደርግ ሰው ምን ሲሠራ ይውላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «የፕሮሰሰር ዲዛይን ኢንጂነር ነኝ» እላለሁ። ትንሽ ዝም ይባላል። ከዝምታው በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎች ሁሌም ተመሳሳይ ስለሆኑ እዚህ ሰብስቤ ልመልሳቸው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትውለው? ያን ነጭ ቱታ ትለብሳለህ?

ኧረ በጭራሽ። ቱታውን እኔም እንደናንተው በፎቶ ነው የማውቀው። የእኔ ውሎ ወንበር ላይ ነው። ቺፑን የሚያመርተው ሌላ ድርጅት ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌላ አገር ነው። በ1987 ቲኤስኤምሲ የተባለው የታይዋን ቺፕ አምራች ሲቋቋም ይዞት የመጣው ሐሳብ ይኸው ነበር፦ እናንተ ዲዛይኑን አምጡ፣ ማምረቱን ለእኔ ተዉት። ዛሬ ኤንቪዲያም፣ ኤኤምዲም፣ አፕልም ዋና ዋና ቺፖቻቸውን የሚያስመርቱት በዚህ መንገድ ነው። ኢንቴልና ሳምሰንግ ደግሞ የራሳቸው ፋብሪካ አላቸው።

ከእኛ እጅ የሚወጣው የመጨረሻ ነገር ፋይል ነው። የእያንዳንዱን ንብርብር ቅርጽ የያዘ በጣም ትልቅ ፋይል። ቤተሰቦቼ ይህን ሲሰሙ ትንሽ ቅር ያላቸው ይመስለኛል።

ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራለህ?

እንደ ክፍሉ ይለያያል። አርክቴክቶቹ ፕሮሰሰሩ ምን ምን እንዲኖረው ይወስናሉ። ስንት ኮር (ራሱን ችሎ ትእዛዝ የሚፈጽም ክፍል) ይኑረው? ካሹ (ቅርቡ ያለው ፈጣን ማስታወሻ) ምን ያህል ይሁን? ባንዴ ስንት ትእዛዝ ይፈጽም? እኛ የዲዛይን ሰዎች ያንን ወደ ኮድ እንቀይራለን፤ ኮዱ አርቲኤል ይባላል፤ ብዙ ጊዜ የሚጻፈውም ቬሪሎግ በሚባል ቋንቋ ነው። የቬሪፊኬሽን ሰዎች እኛ የጻፍነውን ለመስበር ይሞክራሉ። ኮዱ ወደ ሎጂክ ጌት (0 እና 1 ተቀብለው 0 ወይም 1 ወደሚመልሱ ትንንሽ ሰርኪዩቶች) ከተቀየረ በኋላ እያንዳንዱ ጌት ቺፑ ላይ የት እንደሚቀመጥ፣ ሽቦውም በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚሠሩት የፊዚካል ዲዛይን ሰዎች ናቸው።

ጠዋት ገብቼ መጀመሪያ የማየው ሌሊቱን ሲሮጡ ያደሩትን ቴስቶች ነው። ከብዙ ሺዎቹ መካከል ጥቂቶቹ ወድቀው ይጠብቁኛል። አንዱን እከፍታለሁ። ስክሪኑ ላይ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ መስመሮች ይደረደራሉ። እያንዳንዱ መስመር የአንድ ሽቦ ታሪክ ነው፤ መቼ 0 እንደነበረ፣ መቼ 1 እንደሆነ። ከወደቀበት ቅጽበት ተነስቼ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ይህ ቁጥር ለምን ተሳሳተ? ከዚህ ሬጅስተር (ቁጥር ከሚይዝ ትንሽ ማስታወሻ) ስለመጣ። እሱስ ከየት አመጣው? ከዚያኛው። እንዲህ እያልኩ ምሳ ሰዓት ሳይታወቀኝ ያልፋል።

አዲስ ነገር የምጽፍበት ሰዓት ከምታስቡት በጣም ያነሰ ነው። ሦስት መስመር ብቻ ቀይሬ የምወጣበት ቀን አለ። እነዚያን ሦስት መስመሮች ለማግኘት ግን ቀኑን ሙሉ ሳነብ ውያለሁ።

ሶፍትዌር እጽፋለሁ። ቬሪሎግ አይከብደኝም አይደል?

አጻጻፉ አይከብድም። የሚከብደው አስተሳሰቡ ነው። እንዲያውም ጎበዝ ፕሮግራመሮች መጀመሪያ ላይ ከጀማሪ ብሰው ሲቸገሩ አይቻለሁ።

ፓይተን ላይ መስመሮቹ ተራ ጠብቀው ይሠራሉ። ቬሪሎግ ላይ የምትጽፉት ግን የሰርኪዩት መግለጫ ነው። ሁሉም ክፍል ሁልጊዜ፣ እኩል እየሠራ ነው። ፎር ሉፕ ጽፋችሁ ስምንት ጊዜ ይዙር ብትሉ አንዱ ሰርኪዩት ስምንቴ አይዞርም፤ ስምንት ሰርኪዩት ጎን ለጎን ይሠራላችኋል። የማባዣዋ ምልክትም እንደዚያው ናት። ኮዱ ላይ አንዲት ኮከብ ብቻ ናት። ቺፑ ላይ ግን ቦታ ትይዛለች፣ ኤሌክትሪክ ትበላለች፣ ጊዜ ትወስዳለች። ማካፈልማ ይብሳል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ክሎክ (ፕሮሰሰሩ በሚራመድበት አንድ የጊዜ ምት) ስለማያልቅ ሌላው ሥራ እስኪጨርስ እንዲጠብቀው ማድረግም የእናንተው ሥራ ነው።

ኮዱን ከመጻፋችሁ በፊት ሳጥኖቹንና ፍላጻዎቹን ወረቀት ላይ ሣሉ። መሣል ካቃታችሁ ገና አልገባችሁም።

ስህተት ከተገኘ አፕዴት መላክ አይቻልም እንዴ?

ይህችን ረዘም አድርጌ ልመልስ፤ ሙያው ለምን እንዲህ እንደሆነ የምታስረዳው እሷ ናት።

ሶፍትዌር ላይ ዛሬ የተገኘ ስህተት ነገ ሊስተካከል ይችላል። የእኛው ግን ሲሊከን ላይ ታትሞ ወጥቷል። ማስተካከል ማለት ማስክ (ቅርጹ ሲሊከኑ ላይ የሚታተምበትን ሞዴል) እንደገና ማሠራት፣ እንደገና ማስመረት፣ ወራት መጠበቅ ማለት ነው። ረቀቅ ባለው ቴክኖሎጂ ማስኩ ብቻውን ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል።

በሙያው ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው ታሪክ የፔንቲየም ነው። በ1994 ቶማስ ናይስሊ የተባሉ የሒሳብ ፕሮፌሰር በፕራይም ቁጥሮች ላይ ስሌት ሲሠሩ ውጤቱ አልመጣ አላቸው። ኮዳቸውን ፈተሹ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞከሩ። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም፤ ማካፈል ያቃተው ፕሮሰሰሩ ነበር። በኋላ የታወቀችው ምሳሌ ይህች ናት፦ 4,195,835 ለ3,145,727 ሲካፈል 1.33382 መምጣት አለበት። ፔንቲየሙ ግን 1.33374 ይል ነበር። ምክንያቱስ? ማካፈያው የሚያነበው ሠንጠረዥ ላይ መሞላት የነበረባቸው አምስት ቦታዎች ባዶ ቀርተው ነበር። አምስት! ኢንቴል መጀመሪያ ነገሩን አቅልሎ ለማየት ሞከረ። በኋላ ግን ለጠየቀ ሁሉ ቺፑን በነጻ እቀይራለሁ አለ። ለዚሁ የመዘገበው ወጪ 475 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ምንም መውጫ የለም ግን አይደለም። አንዳንዱ ችግር በማይክሮኮድ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለች ትንሽ ፕሮግራም) አፕዴት ይሸፈናል። ዲዛይኑ ውስጥ ደግሞ ትርፍ ጌቶችን በትነን እንተዋለን። ኋላ ችግር ቢመጣ የታችኛውን የትራንዚስተር ንብርብር ሳንነካ የላይኛውን ሽቦ ብቻ ቀይረን እንጠቀምባቸዋለን። እኔ በጣም የምወደው ዘዴ ቺክን ቢት የሚባለውን ነው፤ በእኛ ቋንቋ «የፈሪ ቢት» ልትሉት ትችላላችሁ። አዲስና ውስብስብ ነገር ስትሠሩ የሚያጠፋውን ማብሪያ ማጥፊያ አብራችሁ ትሠራላችሁ። ነገሩ ቢበላሽ አጥፍታችሁት ፕሮሰሰሩ ትንሽ ቀርፈፍ ብሎ ይኖራል። በዚህ ሙያ ፈሪ መሆን አያሳፍርም።

እስቲ አንድ ስህተት በቅርበት አሳየን።

ስምንት ቦታ ያለው ወረፋ አስቡ። ፊፎ እንለዋለን፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል። ሁለት ቆጣሪ አለው። አንዱ ቀጣዩ ነገር የት እንደሚገባ፣ ሌላው ቀጣዩ ከየት እንደሚወጣ ይነግረናል። ሁለቱም ከ0 እስከ 7 ቆጥረው ወደ 0 ይመለሳሉ።

መጀመሪያ ሁለቱም 0 ላይ ናቸው። ስለዚህ «ሁለቱ እኩል ከሆኑ ወረፋው ባዶ ነው» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ደስ ይላል። አሁን ስምንት ነገር ይግባ፤ ምንም አይውጣ። የማስገቢያው ቆጣሪ 1፣ 2፣ 3 እያለ 7 ደርሶ ወደ 0 ተመለሰ። የማውጫው ከ0 አልተነሳም። አሁንም እኩል ናቸው! ወረፋው ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰርኪዩታችሁ «ባዶ ነው» ይላል፤ የሚቀጥለው ነገር ሲመጣም ያልወጣው ላይ ይጽፍበታል። መረጃው ጠፋ። ማንም አልጮኸም።

መፍትሔው አንዲት ተጨማሪ ቢት ናት። ቆጣሪዎቹ ሦስት ቢት መሆናቸው ቀርቶ አራት ይሁኑ። አራቱም ቢት እኩል ከሆኑ ባዶ ነው። የታችኞቹ ሦስቱ እኩል ሆነው የላይኛዋ ከተለያየች ሞልቷል።

ይህን ማንም ተማሪ ያውቀዋል። የሚያስፈራው ሌላ ነው። አውጪው ሁልጊዜ ፈጣን ከሆነ ወረፋው ሞልቶ አያውቅም። ሺህ ቴስት ብታስሮጡ ሺውም ያልፋል። አንድ ጊዜ ዲዛይኔን የቬሪፊኬሽን ባልደረባዬ ስታየው ጠየቀችኝ።

«ይሄ ወረፋ ሞልቶ ያውቃል?»

«እንዴ፣ እሱማ አይሞላም።»

«አይሞላም ወይስ ሞልቶ አያውቅም?»

መልስ አልነበረኝም። ሪፖርቱን ከፈትን። ወረፋው ከስድስት በላይ ሆኖ አያውቅም ነበር። እሷ ሆን ብላ አውጪውን የሚያዘገይ ቴስት ጻፈች። በማግስቱ ጠዋት ስገባ ቴስቱ ወድቋል። ቴፕአውቱ (ዲዛይኑ ተጠናቆ ለፋብሪካ የሚላክበት ቀን) ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እስከዛሬ ምሳ የምጋብዛት እኔ ነኝ።

ዲዛይን ልግባ ወይስ ቬሪፊኬሽን?

ሁሉም ዲዛይን ይላል፤ ስሙ ስለሚያምር ይመስለኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፦ በትልልቅ ፕሮጀክቶች ላይ የቬሪፊኬሽኑ ሰው ከዲዛይኑ ሰው መብለጡ የተለመደ ነው፤ ሥራም ለጀማሪ ቶሎ የሚገኘው እዚያ ነው። ተንኮል ያለበት አእምሮ ይፈልጋል። «ይሠራል» የሚል ሰው አይሆንለትም። «እንዴት ላበላሸው?» እያለ የሚተኛ ሰው ያስፈልገዋል።

ሁሉንም ነገር ለምን አንሞክርም የሚል ይኖራል። ሁለት ባለ 64 ቢት ቁጥር የሚደምር ሰርኪዩት ብቻ እንውሰድ። ሊገቡበት የሚችሉት ጥንዶች 2 በ128 ፓወር ናቸው። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ብንሞክር የዩኒቨርስ ዕድሜ አይበቃንም። ሙሉ ቺፕ ሲሆን ደግሞ ሲሙሌሽኑ ራሱ ይንፏቀቃል። በሰከንድ አንድ ሺህ ክሎክ ይሄዳል ብንል፣ የ3 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር አንዲት ሰከንድ የምትሠራውን ለማየት 35 ቀን ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ነው በዘፈቀደ የሚመነጩ ቴስቶች፣ ኢሙሌተር የሚባሉት ትልልቅ ማሽኖችና በሒሳብ የሚያረጋግጠው ፎርማል ቬሪፊኬሽን የሚያስፈልጉት።

እነዚህም ሁሉ ተደርገው የሚያመልጥ አለ። በ2018 መጀመሪያ ላይ ይፋ የሆነውን ስፔክተር የተባለ የደህንነት ቀዳዳ አስታውሱ። ፕሮሰሰሮቹ የሚሰጡት መልስ ትክክል ነበር። ፕሮሰሰሩ ፕሮግራሙ በየት በኩል እንደሚቀጥል ገምቶ ቀድሞ ይሠራል፤ ግምቱ ከተሳሳተ የሠራውን ይሰርዛል። የሰረዘው ሥራ ግን ካሹ ላይ ዱካ ይተዋል። ያንን ዱካ ጊዜ በመለካት ማንበብ ተቻለ። ለዓመታት ስንጠይቅ የነበረው «መልሱ ትክክል ነው?» የሚለውን ነበር። «መልሱን ለማግኘት ስንት ጊዜ ፈጀ፣ ከዚያስ ምን ይታወቃል?» ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ስለ ክሎክ ሁሌ የምታማርሩት ለምንድን ነው?

በ3 ጊጋኸርዝ አንድ ክሎክ የናኖሰከንድ አንድ ሦስተኛ ነው። በዚያች ጊዜ ብርሃን እንኳ 10 ሴንቲሜትር ብቻ ነው የሚጓዘው። የእኛ ሲግናል ከዚያ በታች በሆነ ጊዜ ከአንድ ፍሊፕፍሎፕ (አንድ ቢት ከሚይዝ ማስታወሻ) ተነስቶ፣ በመካከል ያለውን ጌት ሁሉ አልፎ፣ ሌላኛው ፍሊፕፍሎፕ ጋ መድረስ አለበት።

ከዘገየ ሴትአፕ ቫዮሌሽን ይባላል። በጣም ፈጥኖ ደርሶ ገና እየተነበበ ያለውን የድሮውን ዋጋ ካጠፋው ደግሞ ሆልድ ቫዮሌሽን ነው። ቺፑ ተመርቶ ከመጣ በኋላ የሴትአፕ ችግር ቢገኝ ክሎኩን ዝቅ አድርጎ መኖር ይቻላል። ሆልድ ግን ምሕረት የለውም፤ ክሎኩን የቱንም ያህል ብታዘገዩት ያው ነው። ይህችን ልዩነት ያዟት፤ ቃለ መጠይቅ ላይ አትቀርም።

3 ናኖሜትር ሲባል ትራንዚስተሩ 3 ናኖሜትር ነው?

አይደለም። ድሮ ቁጥሩ ከትራንዚስተሩ አንድ ክፍል ልኬት ጋር ይገናኝ ነበር። አሁን የማምረቻ ቴክኖሎጂው ትውልድ መጠሪያ ብቻ ነው። ዕድገቱ ግን እውነት ነው። የ1971ዱ ኢንቴል 4004 የነበረው 2,300 ገደማ ትራንዚስተር ነው። በ2020 የወጣው የአፕል ኤም1 16 ቢሊዮን አለው።

ምን ልማር?

ኤሌክትሪካል ወይም ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ የተለመደው በር ነው። ብዙ ቀጣሪ ማስተርስ ይመርጣል፤ ሁሉም ግን አይደለም። ከኮርሶቹ ሁሉ ዲጂታል ሎጂክና የኮምፒውተር አርክቴክቸር ላይ አትለግሙ። ሊኑክስ ላይ ያለ ማውስ መሥራት፣ ፓይተን፣ ሲ፣ ትንሽ ቲሲኤል። የመጨረሻውን ማንም አይወደውም፤ ግን የፊዚካል ዲዛይን ቱሎች በብዛት የሚናገሩት እሱን ነው።

ሒሳብ? ለአብዛኛው የዲጂታል ሥራ የቡሊያን አልጀብራና ንጹህ አመክንዮ ይበቃል። ካልኩለስ የፈለግኩበትን ቀን አላስታውስም።

ቤቴ ቁጭ ብዬ መለማመድ እችላለሁ?

ይቻላል፤ እንደ ዘንድሮ ደግሞ ተመችቶ አያውቅም። ድርጅቶቹ የሚጠቀሙባቸው የሲኖፕሲስና የኬደንስ ቱሎች ለግለሰብ የሚቀመሱ አይደሉም። ግን ኮዱን የሚያስሮጡት ቬሪሌተርና አይካረስ ቬሪሎግ፣ ወደ ጌት የሚቀይረው ዮሲስም በነጻ ይወርዳሉ። ሞገዱን፣ ማለትም እነዚያን አረንጓዴ መስመሮች፣ ለማየት ጂቲኬዌቭ አለ። ላፕቶፕ ካላችሁ ዛሬ መጀመር ትችላላችሁ።

ምን ልሥራ ለሚል ሪስክ ፋይቭ የሚባለውን እመክራለሁ። በ2010 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ ማንም ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚጠቀምበት የትእዛዝ ስብስብ ነው። ትንሹ ስሪት 40 ገደማ ትእዛዞች ብቻ ናቸው ያሉት። መጀመሪያ አንዱን ትእዛዝ በአንድ ክሎክ የሚጨርስ ቀላል ፕሮሰሰር ሥሩ። ከዚያ ባለ አምስት ደረጃ ፓይፕላይን (አንዱ ትእዛዝ ሳያልቅ ቀጣዩ የሚጀመርበት መስመር) አድርጉት። ነገሩ የሚጣፍጠው ያኔ ነው፤ አንዱ ትእዛዝ ገና ያልተጻፈ ውጤት ሲጠይቅ ፕሮሰሰራችሁ ግራ ይጋባል፣ እናንተም አብራችሁ። ቀጥሎ ትንሽ የኤፍፒጂኤ (ሰርኪዩቱ እንደፈለጋችሁ የሚቀያየር ቺፕ) ቦርድ ካገኛችሁ እሱ ላይ ጫኑት።

እውነተኛ ቺፕ ማሠራትም ቢሆን ከበፊቱ ቀርቧል። በ2020 ጎግልና ስካይወተር የ130 ናኖሜትሩን የማምረቻ ሕግ ለሁሉም ክፍት አደረጉት። ከዚያ ወዲህ እንደ ታይኒ ቴፕአውት ያሉ ፕሮጀክቶች የብዙ ሰው ትንንሽ ዲዛይን አንድ ቺፕ ላይ አዳብለው ያስመርታሉ።

ቴስቱን ግን አትዝለሉት። ብዙ ሰው የሠራውን ፕሮሰሰር ያሳየኛል፤ እንዴት እንደፈተነው የሚያሳየኝ ጥቂት ነው። እኔ ብቀጥር ሁለተኛውን ነው የምቀጥረው።

ቃለ መጠይቅ ላይ ምን ይጠይቃሉ?

ሴትአፕና ሆልድ። ፊፎ፤ በተለይ «ስንት ቦታ ይበቃዋል?» የሚለው ስሌት። ክሎካቸው በተለያየ ሁለት ክፍሎች መካከል ሲግናል እንዴት እንደሚሻገር። የዚህኛው የመጀመሪያ መልስ ሁለት ፍሊፕፍሎፕ ተከታትለው መቀመጣቸው ነው፤ ጠያቂው «ሲግናሉ ስምንት ቢት ቢሆንስ?» ሲል ደግሞ ያ መልስ እንደማይሠራ ማወቅ አለባችሁ። ስምንቱ ቢቶች በአንድ ክሎክ ላይደርሱ ይችላሉ፤ በመካከል የማንም ያልሆነ ቁጥር ይነበባል።

ሲቪያችሁ ላይ ያልሠራችሁትን አትጻፉ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይታወቃል።

ደሞዙስ? ሰዓቱስ?

ደሞዙ ከኢንጂነሪንግ ሙያዎች ጥሩ ከሚባሉት ነው። ቶሎ መበልጸግ ለፈለገ ግን ሶፍትዌር የተሻለ መንገድ ይመስለኛል።

ሰዓቱ እንደ ሰሞኑ ነው። በአዘቦቱ ሰላማዊ ሥራ ነው። ቴፕአውት ሲቃረብ ግን ቅዳሜ የሚባል ቀን ይጠፋል።  የመጨረሻዋ ሳምንት ላይ ኮድ መቀየር የሚፈልግ ሰው አለቆቹን ሁሉ ማሳመን አለበት። ትንሿ ማስተካከያ ሌላ ስህተት ይዛ ልትገባ ትችላለችና።

ኤአይ ሥራችሁን አይወስድም?

ቬሪሎግ መጻፍ ይችላል፤ የሚያስጠላኝን ሥራ እንዲያግዘኝ እጠቀምበታለሁ። ፊፎ ጻፍ ብትሉት ተጨማሪዋን ቢት ሳይረሳ ይጽፋል። «ይሄ ወረፋ ሞልቶ ያውቃል?» ብላ የምትጠይቅ ባልደረባ ግን አሁንም ታስፈልገኛለች። በዚያ ላይ እሱ ራሱ የሚሮጥበትን ቺፕ ዲዛይን የሚያደርግ ሰው እየተፈለገ ነው።

ቺፑ ተመርቶ ሲመጣ ምን ይሆናል?

ከላክነው በኋላ ወራት እንጠብቃለን። ከዚያ አንድ ቀን ትንሽ ሳጥን ይመጣል። ላቦራቶሪው ውስጥ ከሚያስፈልገው ሰው በላይ ይሰበሰባል፤ ሁሉም ሰበብ ፈልጎ ይገባል። ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል። መጀመሪያ የሚታየው ጭስ አለመኖሩ ነው። ቀጥሎ ክሎኩ፣ ቀጥሎ የመጀመሪያዋ ትእዛዝ።

በዚህ ላይ የምወደው ታሪክ የመጀመሪያው የአርም ፕሮሰሰር ነው። ስሙን በአማርኛ ካነበባችሁት ለእኛ ሙያ ተስማሚ ትእዛዝ ነው። ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር አኮርን በሚባል ኩባንያ ውስጥ ከጥቂት ሰዎች ጋር የሠሩት፣ 25,000 ገደማ ትራንዚስተር ያለው ቺፕ ነበር። ከማስመረታቸው በፊት ሞዴሉን በቤዚክ ቋንቋ ጽፈው ደጋግመው ፈትነውታል። ሚያዝያ 1985 መጣ፤ ሲሞክሩት በመጀመሪያው ሠራ። ፈርበር ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚበላ ሊለኩ አሜትር ሰኩ። አሜትሩ ዜሮ አሳየ። ፕሮሰሰሩ ግን እየሠራ ነው! ሲፈተሽ የኤሌክትሪክ መስመሩ ለካ አልተገናኘም። ቺፑ ከአጠገቡ ካሉት ሰርኪዩቶች በሲግናል እግሮቹ በኩል ሾልኮ በሚገባ ኃይል ብቻ ሲሮጥ ነበር።